የጆሮ ሕመም፦ ስቃዩ ሲያበቃ የሚጀምረው አደጋ

ሕፃናት ያሉበት ቤት ሁሉ ይህን ሌሊት ያውቀዋል። ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ጆሮውን ይዞ እያለቀሰ ይነቃል። ትኩሳት አለው። ሲያስተኙት ለቅሶው ይብሳል፤ ሲያቅፉት ጋብ ይላል። ሊነጋጋ ሲል ትራሱ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ይታያል፤ ለቅሶውም በድንገት ይቆማል። ቤተሰቡ እፎይ ብሎ “ፈነዳለት፤ ዳነ” ይላል።

ሐኪም ሲያየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመካከለኛው የጆሮ ክፍል የተጠራቀመው መግል የጆሮውን ታምቡር ቀዶ ወጥቷል። ስቃዩ የቆመው ግፊቱ ስለቀነሰ እንጂ ኢንፌክሽኑ ስለጠፋ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው በራሱ ጊዜ ይደፈናል፤ ልጁም በእርግጥ ይድናል። ሳይደፈን ከቀረ ግን ጆሮው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ብዙም ሳያም ይመግላል። በዚህ መካከል የልጁ የመስማት ችሎታ ቀስ በቀስ እየተዳከመ ይሄዳል።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የጆሮ ሕመም ከቀላል የሕፃናት በሽታ ወደ ዕድሜ ልክ ጉዳት የሚሸጋገረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ቤተሰቡም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ የጤና ሥርዓቱም የሚነቃቁት ስቃይ ሲኖር ነው። የመስማት ችሎታ ሲጠፋ ግን አያምም። ስለዚህም ጠያቂ የለውም።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2021 ስለ መስማት ችሎታ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በዚህ ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሕክምና ወይም የመሣሪያ ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር አለባቸው። ይህ አኃዝ በ2050 ከ700 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። ድርጅቱ በ2024 ስለ አፍሪካ ባወጣው ዘገባ ደግሞ በአህጉሩ የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ቁጥር 40 ሚሊዮን መድረሱን ገልጾ፣ አስቸኳይ እርምጃ ካልተወሰደ በ2030 ወደ 54 ሚሊዮን ሊያሻቅብ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

በ2021ዱ ሪፖርት ውስጥ ለወላጆችም ሆነ ለመንግሥታት ትልቅ ትርጉም ያለው ሌላ ቁጥር አለ። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚጠጋው መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው በጊዜ ያልታከመ የጆሮ ኢንፌክሽን ነው። በሌላ አነጋገር ችግሩ የተራቀቀ ቴክኖሎጂ ማጣት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ዓይነት ነው።

ጆሮ ለምን ያማል?

የጆሮ ሕመም አንድ በሽታ አይደለም። ምንጩ ቢያንስ በሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል፦ ከታምቡሩ ጀርባ ባለው መካከለኛ ክፍል፣ ከታምቡሩ ወደ ውጭ ባለው ቱቦ፣ ወይም ጭራሹኑ ከጆሮ ውጭ። ሕክምናው በምንጩ ላይ ስለሚመሠረት፣ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል።

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። በሕፃናት ላይ ይህ ቱቦ ከአዋቂዎች ይልቅ አጭርና ወደ አግድም ያዘነበለ በመሆኑ፣ ከጉንፋን በኋላ ተህዋሲያን በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራሉ፤ ፈሳሹም መውጫ ያጣል። ኩፍኝም ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች አንዱ ይኸው ኢንፌክሽን ነው። ልጅን አስተኝቶ በጡጦ ማጥባት፣ በሲጋራ ጭስ በታፈነ ቤት ውስጥ ማሳደግና የምግብ እጥረት አደጋውን ይጨምራሉ። የእናት ጡት ወተት ግን ይከላከላል።

ሁለተኛው የውጭኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። እንደ ሞምባሳ፣ ጅቡቲና ምጽዋ ባሉ ሙቀትና እርጥበት በሚበዛባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ እንዲሁም በሚዋኙ ሰዎች ላይ ይዘወተራል። ቱቦው እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራቡበታል። ጆሮን በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ሽቦ፣ በእስክርቢቶ ክዳን ወይም በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር መጎርጎር ደግሞ ቆዳውን አቁስሎ በር ይከፍትላቸዋል። ይህኛው ሕመም ከመጀመሪያው የሚለይበት ቀላል ምልክት አለ፤ የጆሮውን ቅጠል ሲጎትቱት ወይም ከፊት ለፊቱ ያለችውን ጉጥ ሲጫኗት ሕመሙ ይብሳል።

በዚሁ ቱቦ ውስጥ የተጠቀጠቀ ኩክ፣ ልጆች የሚከቱት የባቄላ ወይም የበቆሎ ፍሬ፣ ዶቃና ነፍሳትም ሕመም ያስከትላሉ። ከሁሉም አስጊው ለሰዓትና ለመጫወቻ የሚያገለግለው ክብ ትንሽ ባትሪ ነው። በሰዓታት ውስጥ ሥጋን ስለሚያቃጥል፣ ውኃም ሆነ ዘይት ሳይጨመርበት ልጁን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሕመም ጆሮ ላይ ይሰማ እንጂ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው። ጆሮ፣ ጥርስ፣ መንጋጋ፣ ቶንሲልና ጉሮሮ የሚጋሯቸው ነርቮች ስላሉ፣ የተበላሸ መንጋጋ ጥርስ ወይም የቆሰለ ጉሮሮ ሕመሙን ወደ ጆሮ ሊልከው ይችላል። በአዋቂ ሰው ላይ ጆሮው ሲመረመር ምንም ሳይገኝበት በአንድ ወገን ብቻ ለሳምንታት የሚቆይ ሕመም ቸል ሊባል አይገባም። በተለይ ለመዋጥ መቸገር፣ የድምፅ መጎርነን ወይም የአንገት ዕጢ አብሮ ካለ የጉሮሮ ወይም የአፍንጫ ጀርባ ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ጠብታ እየቀያየሩ ከመቆየት ይልቅ ምርመራ ማድረግ ይገባል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉም አሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ሲበር፣ አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ በሚልበት ጊዜ በግፊት ለውጥ ጆሮው ሊያመው ይችላል፤ ደጋግሞ መዋጥ፣ ማዛጋትና ማስቲካ ማኘክ ያግዛሉ። እንደ ሱዳንና ሶማሊያ ባሉ ጦርነት በቆየባቸው አካባቢዎች ደግሞ የፍንዳታ ግፊት የጆሮን ታምቡር ይቀዳል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ውኃና ቆሻሻ ካልገባበት በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይደፈናል። በመፈናቀል ላይ ላለ ሰው ጆሮን ማድረቅና ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ግን ቀላል ምክር አይደለም።

ሕመም አልባው ደረጃ

በሕክምናው ዓለም መስመሩ የሚሰመረው በ14 ቀናት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ባዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ከ14 ቀናት በታች የቆየ የጆሮ ሕመም ወይም መግል ድንገተኛ ኢንፌክሽን ይባላል። ፈሳሹ 14 ቀናትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ነው። ሁለቱ የሚታከሙት በተለያየ መንገድ ነው።

ሥር የሰደደው ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ጆሮው ግን ይሸታል፣ ይመግላል፤ ድምፅም በሚገባ አይሰማበትም። በብዙ ቤቶች ይህ እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ልጁ ተፈጥሮ ይታያል፤ “ሲያድግ ይተወዋል” ይባላል። እንዲህ ያለው ጆሮ በጊዜ ሂደት ድምፅን የሚያስተላልፉትን ጥቃቅን አጥንቶች ሊበላ ይችላል። ኢንፌክሽኑ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት፣ ከዚያም አልፎ ወደ አንጎልና ወደ ሽፋኑ ሲሻገር ደግሞ ገዳይ ነው። በ2012 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በዓመት 31 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሥር የሰደዱ የጆሮ ኢንፌክሽኖች እንደሚከሰቱ፣ ከጆሮ ኢንፌክሽን በሚመጡ ጉዳቶችም በየዓመቱ 21,000 የሚሆኑ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል።

ከሞቱ ይልቅ በስፋት የሚታየው ግን የመማሪያ ክፍሉ ጉዳት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪዎች በሚታጨቁባቸው የክፍለ አህጉሩ ትምህርት ቤቶች፣ በግማሽ ጆሮው የሚሰማ ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የመምህሩን ድምፅ ከጫጫታው መለየት አይችልም። ሲጠሩት አይመልስም፤ የታዘዘውን ያሳስታል። “ሰነፍ” ወይም “እንቢተኛ” የሚል ስም ይወጣለታል። ከትምህርት ገበታ ሲወጣም ምክንያቱ ጆሮው እንደሆነ የሚመዘግብ የለም።

ትክክለኛው ሕክምና ምን ይመስላል?

ድንገተኛ የጆሮ ሕመም ሲይዝ የመጀመሪያው ሥራ ስቃይን ማስታገስ ነው። ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ይሰጣል፤ ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። አስፕሪን ግን ለሕፃናት አይሰጥም። ጆሮው ከመገለ በንጹሕና ውኃ በሚመጥ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጨርቁ እንደ ክር ተጠቅልሎ ወደ ጆሮው ቱቦ መግቢያ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሲርስ ይወጣና በሌላ ደረቅ ይተካል። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋገማል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ሊከናወን የሚችልና እናቶች በጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚማሩት ነገር ነው። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ማዋል ግን መግሉን ስለሚያፍነው አይመከርም። ልጁ እስኪድን ድረስ ሲታጠብ ጆሮው ውኃ እንዳይገባበት መጠንቀቅም ያስፈልጋል።

አንቲባዮቲክ መቼ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም አከራካሪው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው የአንቲባዮቲክ መመሪያ፣ ቀለል ያሉ የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽኖች በአብዛኛው ያለ አንቲባዮቲክ በራሳቸው እንደሚድኑ ይገልጻል። ሕመሙ የበረታባቸው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያለባቸው፣ ወይም ሁለቱም ጆሯቸው የተጠቃ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ግን መድኃኒቱ ያስፈልጋቸዋል። ተመራጩም ርካሽና በብዛት የሚገኘው አሞክሲሲሊን ነው። በአገራቱ ጤና ጣቢያዎች ሥራ ላይ ያለው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ በበኩሉ፣ ድንገተኛ የጆሮ ኢንፌክሽን ላለበት ልጅ አሞክሲሲሊን ለአምስት ቀናት እንዲሰጥ ያዛል።

ሁለቱ ምክሮች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ግን የሚኖሩበት ሁኔታ ነው። “ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቅና እንየው” ማለት የሚቻለው ልጁ ካልተሻለው ተመልሶ የሚታይበት ቦታ ሲኖር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ለሚኖር ቤተሰብ መጠበቅ ብልህነት ነው። ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ለሚጓዝ አርብቶ አደር ግን ያው መጠበቅ ሕክምናን እንደ መከልከል ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው ልጁን ላየው የጤና ባለሙያ የሚተው ነው እንጂ ለመድኃኒት ቤት መስኮት አይደለም።

ሥር የሰደደው የጆሮ መግል ሕክምና ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ወይም ሽሮፕ በዚህ ደረጃ ብዙም አይፈይድም። መመሪያው የሚያዘው ጆሮውን በየቀኑ ማድረቅና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንታት መጨመር ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መግል በሞላበት ጆሮ ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት ቁስሉ ጋ ሳይደርስ ይፈስሳል። በአንድ በኩል ተደጋጋሚ ሽሮፕ የተገዛለት፣ በሌላ በኩል ማንም ጆሮውን ያላደረቀለት ልጅ ቤተሰቡ ገንዘብ ቢያወጣለትም ሳይታከም የቀረ ልጅ ነው።

የጠብታው ዓይነትም ልዩነት አለው። ጄንታማይሲንና ኒዮማይሲን የተባሉት መድኃኒቶች በተቀደደ ታምቡር አልፈው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከገቡ የመስማት ነርቭን የሚጎዱበት ዕድል አለ። ለዓይን የተሠራ ጠብታ ከቤት ተፈልጎ ጆሮ ላይ ሲንጠባጠብም ይዘቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ጆሮው የሚመግል ሰው ጠብታ ከመግዛቱ በፊት ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን እንደሚችል ለባለሙያው መንገር አለበት።

ከዘይት እስከ ጤና አዳም

በክፍለ አህጉሩ ጆሮ ላይ የማይገባ ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሞቀ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የእናት ጡት ወተት፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የታሸ ጤና አዳም ከትውልድ ትውልድ የተላለፉ የቤት መድኃኒቶች ናቸው። ሰዎች ወደ እነዚህ የሚዞሩት ባላዋቂነት ብቻ አይደለም። ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ አለ፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ወይም ዝግ ነው፤ ጓሮ ያለው ቅጠል ግን ቅርብ ነው። በማግስቱ ስቃዩ ሲቆምም ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። እውነታው ግን አብዛኛው የጆሮ ኢንፌክሽን በሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚሻል መሆኑ ነው፤ ወይም ደግሞ ታምቡሩ ተቀዷል።

ጆሮው ከተቀደደ በኋላ የሚገባ ማንኛውም ዘይት፣ ወተት ወይም ጭማቂ ለተህዋሲያን ምግብና መንገድ ይሆናል። ትኩስ ዘይት ቱቦውንና ታምቡሩን ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም አጭር ነው፦ ባለሙያ ያላዘዘው ነገር ጆሮ ውስጥ አይግባ። ኩክን ለማጽዳት የሚደረገው ጉርጎራም በዚሁ ሥር ይወድቃል። ኩክ ቆሻሻ ሳይሆን የጆሮ መከላከያ ነው፤ በራሱም ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። ስንጥሩ ወደ ውስጥ ገፍቶ ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያወጣውም።

ቤተሰብ ሊሰጥ የሚችለው እርዳታ ግን አለ። የሕመም ማስታገሻ፣ ከውጭ በኩል የሚደረግ ለብ ያለ ጨርቅ፣ በቂ ፈሳሽና እንቅልፍ ልጁን እስከ ጠዋት ያደርሱታል።

መድኃኒት ቤቱ እንደ ሐኪም ቤት

ከአዲስ አበባ መርካቶ እስከ ናይሮቢ ኢስሊ፣ ከካምፓላ እስከ ሐርጌሳ፣ ለብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያው ሐኪም መድኃኒት ሻጩ ነው። ወረፋ የለውም፤ የካርድ ክፍያ አይጠይቅም፤ እስከ ምሽት ክፍት ነው። የጎደለው ግን የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ ነው። ጆሮውን ሳያይ የሚሸጥ ሰው ሕመሙ ከጥርስ ይሁን ከታምቡር ሊያውቅ አይችልም። ገዢውም ገንዘቡ ያልበቃው እንደሆነ የአምስቱን ቀን መድኃኒት ለሁለት ቀን ይገዛል።

ይህ ከጆሮ ያለፈ ጣጣ አለው። በ2019 መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ የተገመተ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫና ያረፈውም ከሰሃራ በታች ባሉ አገራት ላይ ነው። በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገራት ይህን ሞት በ2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል። ለሕፃናት አንቲባዮቲክ ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች የጆሮ ሕመም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ስለሆነ፣ ስምምነቱ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት ሽያጭ ላይ ነው። ያለ ማዘዣ መሸጥን በሕግ መከልከል ብቻውን አይበቃም። አማራጩ ሩቅና ውድ እስከሆነ ድረስ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ባለሙያው የት ነው?

በ2021ዱ ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገራት 78 በመቶ በሚሆኑት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት እንኳ አይደርስም። የመስማት ችሎታን የሚመረምሩ ኦዲዮሎጂስቶችን በተመለከተ ድርሻው 93 በመቶ ነው። ያሉትም ስፔሻሊስቶች በአብዛኛው በዋና ከተሞች የተሰበሰቡ ናቸው።

ስፔሻሊስት ማሠልጠን ዓመታት ይወስዳል። ኬንያና ዩጋንዳ ክፍተቱን ለመሙላት ሌላ መንገድ ጨምረዋል፤ ሐኪም ያልሆኑ የሕክምና መኮንኖችን በጆሮ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ሕክምና አሠልጥነው ያሰማራሉ። እነዚህ ባለሙያዎች የታምቡር ቀዶ ሕክምና ላይሠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጆሮን አይተው ለይተው ያክማሉ፤ ባዕድ ነገር ያወጣሉ፤ ወደ ላይ መላክ ያለበትን በጊዜ ይልካሉ። ኬንያ ከ2016 እስከ 2020 የሚሠራ የጆሮና የመስማት ጤና ብሔራዊ ስትራቴጂ በማውጣትም ከጥቂቶቹ የአፍሪካ አገራት አንዷ ሆናለች። በታንዛኒያ ደግሞ ዳሬሰላም የሚገኘው ሙሂምቢሊ ብሔራዊ ሆስፒታል በ2017 ለመስማት የሚያግዝ መሣሪያ በውስጠኛው ጆሮ የመትከል ቀዶ ሕክምና ጀምሯል። ይህ ለክልሉ ትልቅ እመርታ ነው። ብዙኃኑ ሕፃናት የሚያስፈልጋቸው ግን ደረቅ ጨርቅ፣ ትክክለኛ ጠብታና ጆሯቸውን የሚያይ ሰው ነው።

ክትባትም የዚህ ታሪክ አካል ነው። የሳንባ ምች ክትባት በመባል የሚታወቀው ፒሲቪ የሚከላከለው ባክቴሪያ የጆሮ ኢንፌክሽንም ዋነኛ መንስኤ ነው። ሩዋንዳ በ2009፣ ኬንያና ኢትዮጵያ በ2011 ይህን ክትባት በመደበኛ መርሐ ግብራቸው አካተዋል። የኩፍኝ ክትባትም እንዲሁ ጆሮን ይጠብቃል። ክትባት በጦርነትና በመፈናቀል ሲቋረጥ ጉዳቱ ከወረርሽኙ ሞት አልፎ ከዓመታት በኋላ በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ይታያል።

የወቅቱ ሁኔታ ግን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አመቺ አይደለም። በሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የቀጠለው ጦርነት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች አብዛኞቹን የጤና ተቋማት ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል። በኬንያ በ2024 ሐኪሞች ለ56 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። በኢትዮጵያም በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው የሥራ ማቆም እርምጃ ወስደዋል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ መቋረጡ የክፍለ አህጉሩን የጤና በጀቶች ክፉኛ አናግቷል። እጥረት ሲመጣ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚሄደው ቶሎ ወደሚገድሉ በሽታዎች ነው፤ ይህም የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ጆሮ በደጉም ጊዜ ከወረፋው መጨረሻ ነበረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ለጆሮና ለመስማት ጤና በነፍስ ወከፍ በዓመት 1.33 ዶላር ተጨማሪ ወጪ ቢደረግ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ዶላር 16 ዶላር ያህል ጥቅም ያስገኛል። አዲስ ሆስፒታል መገንባትም ግዴታ አይደለም። በየጤና ጣቢያው የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ ማኖር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ሌላ ጉዳይ ቤት ለቤት ሲዞሩ “ጆሮው የሚመግል ልጅ አለ ወይ?” ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ፣ ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ መስማታቸውን መፈተሽ በነበረው ላይ የሚጨመሩ ሥራዎች ናቸው።

መቼ ነው የማይጠበቀው?

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ የቤት እንክብካቤ በቂ ስላልሆነ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፦

• ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ሲያብጥና ሲነኩት ሲያም፣ ወይም የጆሮው ቅጠል ወደ ፊት ሲገፋ። ከጆሮ በታችና በጉንጭ በኩል የሚታየው የጆሮ ደግፍ እብጠት ከዚህ የተለየ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ግን መታየት ይሻላል።

• የፊት አንድ ወገን ሲዝል ወይም ሲጣመም።

• ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መደንዘዝ ወይም የሚጥል ሕመም ሲኖር።

• የመስማት ችሎታ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጠፋ። ይህ ሕመም ባይኖረውም እንኳ ጊዜ የማይሰጥ ነው።

• የስኳር ሕመምተኛ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ከባድና የማይለቅ የጆሮ ሕመም ሲይዘው።

• ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ሲኖረው።

ከእነዚህ ሌላ፣ ሕመሙ ከሁለት እስከ ሦስት ቀናት ውስጥ ካልተሻለ፣ ወይም መግሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕመም ኖረም አልኖረም ምርመራ ያስፈልጋል። መግሉ ቆሞ እንኳ ልጁ ሲጠሩት የማይመልስ፣ የቴሌቪዥንን ድምፅ የሚያስጨምር ወይም በንግግሩ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ የመስማት ችሎታው መመርመር ይኖርበታል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ አገራት የጆሮና የመስማት ጤናን በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ጠይቋል። የክፍለ አህጉሩ መንግሥታት ይህን ቃል ምን ያህል እንደፈጸሙ የሚለካው በዋና ከተማ በሚመረቅ ማዕከል ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ጠዋት ዝም ሲል፣ እናቱ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወስዳ ጆሮውን የሚያይላት ሰው ማግኘቷ ነው ትክክለኛው መለኪያ።